እጥረት ከየት ይመጣል? አዳማ ላይ ያስተማርኩበት መንገድ

አዳማ ውስጥ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎችን አስጠናለሁ። ሙስሊምም ክርስቲያንም አሉበት። የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ እጥረት ነው። እዚያ ስንደርስ አንዱ እጁን ማውጣቱ አይቀርም፦ «በእስልምና እኮ እጥረት የሚባል ነገር የለም። ታዲያ መጽሐፉ ተሳስቷል?» ጥያቄው ትልቅ ነው፤ ራሱን የቻለ ክፍለ ጊዜ ሰጠሁት።

ሁለቱን ሐሳቦች ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ሊዮኔል ሮቢንስ በ1932 እ.ኤ.አ. እንዳለው የሰው ፍላጎት ብዙ ነው፣ ማሟያው ግን ውስን፤ ለአንዱ ካዋልከው ለሌላው አይተርፍም፣ ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው። ኢራቃዊው ሊቅ ሙሐመድ ባቂር አስ-ሰድር ደግሞ «ኢቅቲሷዱና» በተባለው መጽሐፉ ችግሩ ከተፈጥሮ ስስት ሳይሆን ከሰው በደል ይመጣል ይላል። መነሻው ቁርኣን ውስጥ ያለው ሱረቱ ኢብራሂም 34 ነው፦ የአላህ ጸጋ ተቆጥሮ አያልቅም፤ ሰው ግን በዳይና ውለታ ቢስ ነው። ሮቢንስን ሙስሊም ተማሪ፣ ሰድርን ክርስቲያን ተማሪ እንዲያስረዱ አደረግኩ። ይሄ በጣም ሠራልኝ፤ ማንም የራሱን ወገን ለመከላከል አልተነሳም።

ከዚያ ወደ ዘካ ሄድን፤ ሙስሊም ከሀብቱ በግዴታ የሚሰጠው ምጽዋት ነው። በዝናብ የበቀለ እህል ዘካው 10 በመቶ ነው። በድካም በተሳበ ውሃ የለማ ከሆነ 5 በመቶ። ልጆቹ የአዋሽን ውሃ በሞተር ስቦ የሚያለማ ገበሬ ያውቃሉ፤ ነዳጅ ምን ያህል እንደሚያስወጣውም ያውቃሉ። «እጥረት ከሌለ ለምን በግማሽ ተቀነሰለት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሕጉ ራሱ ጉልበትና ገንዘብ ውስን መሆናቸውን ከግምት አስገብቷል። ሱረቱል ሒጅር 21ም ሁሉም ነገር በታወቀ መጠን እንደሚወርድ ይናገራል። ስለዚህ እስልምና እጥረትን ይክዳል የሚለው ለእኔ አይዋጥልኝም። የማይቀበለው ረሃብን በተፈጥሮ ማሳበብን ነው።

ነገሩ የሃይማኖት ክርክር ብቻ እንዳይመስላቸው የ1966ቱን የወሎ ረሃብ አነሳሁ። ሕንዳዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው የአገሪቱ ጠቅላላ የእህል ምርት ያን ያህል አልወደቀም ነበር። ደሴ ላይ ዋጋው ብዙም አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የተጫነ እህል ነበር። የጠፋው የሰዉ የመግዛት አቅም ነው። አንዷ ተማሪ «ግን እኮ ዝናቡም ቀርቷል» አለች። ልክ ናት፤ የወሎ ገበሬ ማሳው ባዶ ቀርቷል። የሮቢንስ እጥረት ማሳው ላይ ነበር፤ የሰድር ደግሞ እህሉን ይዞ በወጣው መንገድ ላይ።

በሚቀጥለው ዙር ኢሕቲካርን እጨምራለሁ፤ ዋጋ እስኪወደድ እህል ደብቆ መያዝ ማለት ነው። እስልምና ይከለክለዋል፤ የኢኮኖሚክስ ትምህርቱም ሰው ሠራሽ እጥረት ይለዋል።