ፍላሽ ላይ የሚተርፉና የማይተርፉ ፊልሞች

«ዱን ክፍል ሁለት»ን አይቶ «አሸዋ ብቻ! ምኑ ነው የሚወራለት?» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ክርክር ከመግጠማችሁ በፊት ፋይሉ ስንት ሜጋባይት እንደነበር ጠይቁት። 700 ካላችሁ ፍረዱለት። እሱ ያየው አሸዋ እንኳ አይደለም፤ ቡናማ ካሬ ነው።

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም የካ አባዶ ተቀምጦ አዳዲስ አክሽንና ሳይንስ ፊክሽን የሚከታተል ሰው በአብዛኛው ሲኒማ ቤት ገብቶ አይደለም የሚያየው። የ2023ቱ «ጆን ዊክ 4» 169 ደቂቃ ነው። ቦሌ ማታ 12 ሰዓት ላይ የገባ ሰው 3 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ይወጣል፤ ከዚያ የታክሲ ሰልፍ አለ፣ ከታክሲው ወርዶ ደግሞ እስከ ብሎኩ ባጃጅ ፍለጋ። ስለዚህ ፊልሙ የሚመጣው በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ነው፤ የሚታየውም 32 ወይም 43 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ። ከዚህ በታች ያለው አስተያየት በሙሉ እንዲህ ለሚያይ ሰው ነው። በትልቅ ስክሪን የተወደሰ ፊልም ኮንዶሚኒየም ሲደርስ ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቶ ይደርሳል። አንዳንዱ ደግሞ ምንም ሳይነካው ይደርሳል፤ የሚገርመው እሱ ነው።

ነገሩ ከመታመቁ ይመጣል። ቪዲዮ ሲታመቅ ከአንዱ ምስል ወደ ቀጣዩ ያልተለወጠው ይተውና የተለወጠው ብቻ ይመዘገባል። ሁለት ሰዎች ግድግዳ ፊት ቆመው ሲያወሩ ግድግዳው አንዴ ከተመዘገበ በቂ ነው። አሸዋ፣ ዝናብ፣ ጭስና የእሳት ብልጭታ ግን በሰከንድ 24ቱም ምስል ላይ እያንዳንዷ ነጥብ ትለወጣለች። የሁለት ሰዓት ፊልም በ700 ሜጋባይት ሲታመቅ ለአንድ ሰከንድ የሚደርሰው 0.8 ሜጋቢት እንኳ አይሞላም። «ዱን ክፍል ሁለት» 166 ደቂቃ ስለሆነ በዚያው 700 ውስጥ ለሰከንዱ የሚተርፈው 0.56 ነው። ይህ ለድራማ ይበቃ ይሆናል፣ ለበረሃ ግን አይበቃም። በ2 ጊጋባይት 1.6 ይሆናል፤ ያን ጊዜ አሸዋው አሸዋ መምሰል ይጀምራል። ቴሌግራም ለተራ ተጠቃሚ በአንድ ፋይል ከ2 ጊጋባይት በላይ ስለማያስጭን ብዙው ፊልም ተጨምቆ ከዚያ በታች እንዲሆን ተደርጎ ነው የሚዞረው።

ኤች.265 በሚባለው ዘዴ የታመቀ ፋይል በግማሽ መጠን ከቀድሞው ኤች.264 ጋር የሚቀራረብ ጥራት ይሰጣል። ችግሩ ያረጀ ቴሌቪዥን አይከፍተውም፤ ድምፅ ብቻ ያሰማል ወይም «አይደገፍም» ይላል። ያኔ ላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ገመድ ማያያዝ ነው። ሌላው የተለመደ ጣጣ ፍላሹ 16 ጊጋ ባዶ ቦታ እያለው 5 ጊጋ ፊልም አልቀበልም ማለቱ ነው። ፍላሹ በፋት32 ፎርማት ከተደረገ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይገባበትም። ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ ማድረግ ይፈታዋል፤ ግን ፎርማት ሲደረግ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ኤክስፋት የማያነቡ አሮጌ ቴሌቪዥኖችም ስላሉ አስቀድሞ መሞከር ነው።

ወደ «ዱን» እንመለስ። ጥራቱ ደካማ በሆነ ቅጂም ቢሆን የማይበላሽ አንድ ክፍል አለው፤ ጠላቶቹ ሃርኮነኖች ስታዲየም ውስጥ ያለው ጥቁርና ነጭ ፍልሚያ። ካሜራማኑ ግሬግ ፍሬዘር ያንን ዓይን በማያየው ብርሃን፣ በኢንፍራሬድ ነው የቀረጸው፤ ቆዳቸው የሰው የማይመስለው ለዚህ ነው። ነጩ በጣም ነጭ፣ ጥቁሩ በጣም ጥቁር ስለሆነ ትንሽ ፋይልም ይሸከመዋል። ጀግናው ፖል ግዙፉን የአሸዋ ትል የሚጋልብበት ትዕይንት ግን በአቧራ የተሞላ ነው፤ በ700 ሜጋ ያየው ሰው የፊልሙን ዋና ነገር አላየም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የ2015ቱ «ማድ ማክስ፦ ፉሪ ሮድ» ደግሞ ተቃራኒው ነው። እሱም በረሃ ነው፣ ናሚቢያ ውስጥ የተቀረጸ፤ አቧራውም ከ«ዱን» አያንስም። 120 ደቂቃ ውስጥ ወደ 2,700 ቁርጥ አለው፤ በአማካይ አንዱ ሾት ሦስት ሰከንድ አይሞላም። እንዲህ የተቆራረጠ ፊልም በትንሽ ስክሪን ላይ ራስ ምታት መሆን ነበረበት። ያልሆነው ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሚለር ዋናውን ነገር ሁልጊዜ የምስሉ መሃል ላይ እንዲያስቀምጡ ስላዘዘ ነው። ዓይን ከአንዱ ሾት ወደ ሌላው ሲሻገር የሚፈልገውን እዚያው መሃል ያገኘዋል፤ ዳር ዳሩ ቢበላሽም አይታወቀውም። አርታኢዋ ማርጋሬት ሲክሰል ኦስካር የወሰደችበት ሥራ ነው። ሌሊቱንም እዩት። ሌሊት የሚመስለው ሰማያዊ ክፍል በጠራራ ፀሐይ፣ ሆን ተብሎ ብርሃን በዝቶበት ተቀርጾ ኋላ ላይ የጠቆረ ነው። ስለዚህ ጨለማው ውስጥ ፊት ይለያል። ብዙዎቹ የአሁን ሳይንስ ፊክሽኖች የመጨረሻ ጦርነታቸውን በእውነተኛ ጨለማ ውስጥ ያደርጉና፣ ቀን ላይ መጋረጃ ሳይዘጋ የሚያይ ሰው የራሱን ፊት ስክሪኑ ላይ ሲያይ ያመሻል።

ፊልም የምታስጭኑ ከሆነ ከሱቁ ሳትወጡ ሦስት ቦታ አስከፍቱ። መጀመሪያ በጣም ጨለማ የሆነውን ትዕይንት፤ ጥቁሩ ላይ ካሬ ካሬ ከታየ ተዉት። ቀጥሎ የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች፤ በግማሽ የተቆረጠ ፋይል ብዙ ነው። ከዚያ ሰው የሚያወራበትን ቦታ፤ ከሲኒማ አዳራሽ በካሜራ የተቀዳ «ካም» ከሆነ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል፣ አንዳንዴም ተመልካች ሲስቅ ይሰማል። ካም የሆነ አክሽን በነፃም ቢሰጧችሁ አይጠቅምም።

ድምፅን ሰው ይንቀዋል እንጂ ከምስሉ በላይ የሚጎዳው እሱ ነው። ሁለቱም «ዱኖች» በድምፅ ኦስካር ወስደዋል፤ ትሉ ከመምጣቱ በፊት ያለው ጉርምርምታ ግን በጠፍጣፋ ቴሌቪዥን የለም፣ ምክንያቱም ትንንሾቹ ስፒከሮች ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ በቅጡ አያወጡትም። ደህና የጆሮ ማዳመጫ ከትልቅ ስፒከር ይሻላል፤ የኮንዶሚኒየም ወለል ቤዝ ያሳልፋል፣ የታች ቤት ሰው በመወልወያ እንጨት ጣሪያውን ማንኳኳት ከጀመረ ፊልሙ አበቃ ማለት ነው። የፋይሉ ድምፅ 5.1፣ ማለትም ለስድስት ስፒከር የተከፋፈለ ከሆነ ደግሞ ንግግሩ የተመደበው መሃል ለሚቀመጠው ስፒከር ነው። ቴሌቪዥኑ ስድስቱን መስመር ወደ ሁለት ሲያጥፍ ንግግሩ ይሰምጣል፣ ፍንዳታው ይጮኻል። ሪሞት ይዞ ከፍ ዝቅ ሲያደርጉ ማምሸት የሚመጣው ከዚህ ነው። ላፕቶፕ ላይ ቪኤልሲ የሚባለው ማጫወቻ ካላችሁ ኮንትሮልና ኢ ተጭናችሁ ኦዲዮ ኢፌክት ውስጥ ኮምፕረሰር የሚለውን አብሩት፤ የጮኸው ይቀንሳል፣ የሰመጠው ይወጣል። ምስሉ እየሄደ ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ደግሞ የፋይሉ ድምፅ ዲቲኤስ በሚባል ዘዴ የታመቀ ሊሆን ይችላል፤ ሳምሰንግ ከ2018 ወዲህ ባሉት ቴሌቪዥኖቹ ላይ ይህን መደገፍ አቁሟል።

የ2020ው «ተኔት» ላይ ግን ፋይሉን አትውቀሱ። ክሪስቶፈር ኖላን ንግግሩን በሙዚቃና በጭንብል የቀበረው አውቆ ነው፤ አሜሪካኖቹም አልሰማንም ብለው ያጉረመረሙበት ፊልም ነው። ያለ ሰብታይትል አትጀምሩት። እውነተኛ ቦይንግ 747 ሕንፃ ላይ ያላተሙበት ትዕይንት ብቻውን ማየት ይገባዋል፤ የመጨረሻው ጦርነት ግን በጊዜ ውስጥ ማን ወደ ፊት ማን ወደ ኋላ እንደሚሄድ በክንዳቸው ላይ ባለው ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ ካልሆነ አይለይም፣ በትንሽ ስክሪን ደግሞ ጨርቁም አይታይም። እንደኔ ብልሃቱ ከታሪኩ በልጦ ታሪኩን የበላበት ፊልም ነው።

ሰብታይትል ከንግግሩ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ሁለት ዓይነት ጥፋት ነው፣ መድኃኒቱም ይለያያል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልዩነቱ እኩል ከሆነ ቪኤልሲ ላይ ጂ እና ኤች ቁልፎችን መጫን ነው፤ አንዱ ጭነት 50 ሚሊሰከንድ ያንቀሳቅሳል። ልዩነቱ እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ግን ሰብታይትሉ የተሠራው ለሌላ ፍጥነት ነው። በሰከንድ 23.976 ምስል የነበረው ፊልም በ25 ሲሄድ የሁለት ሰዓቱ ፊልም አምስት ደቂቃ ገደማ ያጥራል፤ አሥረኛው ደቂቃ ላይ ብቻ ልዩነቱ ወደ 25 ሰከንድ ይደርሳል። ያንን በጂ እና ኤች ማሳደድ ልፋት ነው፤ ሌላ ሰብታይትል ፈልጉ። ቴሌቪዥን ላይ ጭራሽ ካልመጣ የሰብታይትሉ ፋይል ስም ከፊልሙ ስም ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን እዩ።

በአማርኛ ድምፅ የተሠራ ትርጉም ፊልምን የሚንቁ አሉ። ለ«ተኔት» አይሆንም፣ እስማማለሁ። ለ«ጆን ዊክ 4» ግን ምን ይጎዳል? ሰውየው በሦስት ሰዓት ገደማ ውስጥ የሚናገረው ተቆጥሮ 400 ቃል አይሞላም። ዳይሬክተሩ ቻድ ስታሄልስኪ የቀድሞ ስታንት ሠራተኛ ነው፣ «ማትሪክስ» ላይ የኪያኑ ሪቭስ ምትክ ሆኖ የሠራ፤ ስለዚህ ካሜራውን ራቅ አድርጎ ያቆማል፣ ሾቱን ያስረዝማል፣ ማን ማንን እንደመታ ይታያል። ፓሪስ ውስጥ ከጣሪያ ወደ ታች የተቀረጸው የተኩስ ትዕይንት በስልክም ቢታይ አይጠፋም። ከዚህ ጋር «ቴከን 3»ን አስተያዩት፤ ሊያም ኒሰን አጥር ሲዘል በስድስት ሰከንድ ገደማ ውስጥ ከ12 በላይ ቁርጥ አለ። እንዲህ የሚቆራርጥ ዳይሬክተር አክተሩ መዝለል አለመቻሉን እየደበቀ ነው ብላችሁ ብትጠረጥሩ አትሳሳቱም።

አክሽን ስታዩ ጥይት ቁጠሩ። ግሎክ 17 መጋዘኑ 17 ጥይት ይይዛል። ጆን ዊክ ጥይት ሲጨርስ ሲለውጥ እናያለን፣ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ሱፉ ግን አልዋጥ ብሎኛል። ጥይት የማያስገባ ጨርቅ ጥይቱን ቢያቆም እንኳ ግፊቱን አያጠፋውም፤ የጎድን አጥንት ሊሰበር፣ ሰውነት ሊበልዝ ይገባል። እሱ ኮቱን ፊቱ ላይ ከፍ አድርጎ ይሮጣል። አክተሩ አይሞትም የሚለውን ሕግ ሁላችንም ተቀብለነዋል፤ ቢያንስ ይመመው እንጂ።

«ኤክስትራክሽን 2» ላይ 21 ደቂቃ ሳይቋረጥ የሚሄደው ትዕይንት አንድ ሾት አይደለም፣ የተሰፋ ነው። ስፌቱን ማግኘት ከፈለጋችሁ ካሜራው በጣም ፈጥኖ የሚዞርበትን፣ ሰው ወይም በር ምስሉን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍንበትን ቅጽበት ጠብቁ። ከታሪኩ ይልቅ ይህ ፍለጋ ያዝናናል።

ሳይንሱን በተመለከተ «ግራቪቲ» በግማሽ ያለፈ ፊልም ነው። ሕዋ ላይ አየር ስለሌለ ፍንዳታው ድምፅ የለውም፤ የምንሰማው በልብሳቸው በኩል የሚተላለፈውን ንዝረት ብቻ ነው። ይህን የደፈሩ ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን ሀብል ቴሌስኮፕ በ500 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ከምድር ወገብ 28.5 ዲግሪ ባዘነበለ መስመር ሲዞር፣ ዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በ51.6 ዲግሪ ነው የሚዞረው። ፊልሙ ላይ እንደሚያደርጉት ጀርባ ላይ በታሰረ ጋዝ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ አይቻልም፤ ከፍታው ቢቀር እንኳ የመስመሩን ማዘንበል ለመለወጥ የሚጠይቀው ነዳጅ የትየለሌ ነው።

ለከተማ ዳር ነዋሪ ከሁሉም የሚቀርበው ግን የ2009ኙ «ዲስትሪክት 9» ነው። ጆሃንስበርግ ሰማይ ላይ የቆመ የሕዋ መርከብ፣ ከሥሩ በቆርቆሮ ቤት የሚኖሩ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን፣ ወረቀት ይዞ እየዞረ «ፈርም፣ ልትነሳ ነው» የሚል ሠራተኛ። የተቀረጸው ሶዌቶ ውስጥ ቺያዌሎ በሚባል፣ ነዋሪዎቹ በእርግጥም ወደ ሌላ ቦታ እየተዛወሩ በነበረበት ሰፈር ነው። የልማት ተነሺ የሚለውን ቃል የሚያውቅ ተመልካች የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ሳይንስ ፊክሽን ነው ብሎ አይቀበልም። ሁለተኛው ግማሽ ወደ ተራ ተኩስ ይወርዳል፤ ናይጄሪያውያኑን የሳለበት መንገድም አገራቸውን አስቆጥቶ ነበር፣ እውነታቸውን ነው። በ30 ሚሊዮን ዶላር ነው የተሠራው።

በጀት ካነሳን አይቀር፣ ጃፓኖቹ «ጎድዚላ ማይነስ ዋን»ን ከ15 ሚሊዮን ዶላር ባነሰ ገንዘብ ሠርተው፣ 610 የኢፌክት ሾት በ35 ሰው ጨርሰው በ2024 የኢፌክት ኦስካር ወስደዋል። ባሕሩ ላይ ያለው ማሳደድ ውኃ ስለሆነ ቢያንስ 2 ጊጋ ያለውን ፈልጉ።

ቴሌቪዥናችሁ ከሱቅ እንደወጣ «ቪቪድ» ላይ ከሆነ ወደ «ሙቪ» ወይም «ሲኒማ» መልሱት። ትሩሞሽን፣ አውቶ ሞሽን ፕላስ፣ ሞሽንፍሎው የሚባለውንም አጥፉት፤ በምስሎች መሃል የሌለ ምስል እየፈጠረ 200 ሚሊዮን የወጣበትን ፊልም የምሽት ድራማ ያስመስለዋል።

በአማርኛ የተሠራ ሳይንስ ፊክሽን የለም ለሚል ሰው ደግሞ የ2015ቱ «ክራምስ» አለ። ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው፤ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ይሠሩበታል። ዳሎል ላይ የተቀረጸ ስለሆነ ሌላ ፕላኔት ለመምሰል ኮምፒውተር አላስፈለገውም። ሰማይ ላይ የዛገ መርከብ ቆሟል፣ ምድር ላይ የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ጥንታዊ ቅርስ ይሸጣል። ተኩስ የሚፈልግ ሰው ይሰለቸዋል፣ ዝግ ያለ ፊልም ነው። እኔ ግን ከላይ ከተዘረዘሩት ከግማሾቹ አስበልጠዋለሁ። ርዝመቱም 68 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ፣ መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ያረጀ ላፕቶፕ ባትሪም ይጨርሰዋል።