አምስተኛ ማርሽ ሁልጊዜ ናፍጣ ይቆጥባል? ከባህር ዳር ደብረ ታቦር ስመላለስ ያየሁት

ከባህር ዳር ደብረ ታቦር በወር ሁለት ሶስቴ እመላለሳለሁ፣ መኪናዋ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ናት፣ ዋን ኤች ዜድ ሞተር፣ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ (አየር ገፍቶ ሞተሩ ውስጥ ሚያስገባው) የላትም፣ ካምቢዮዋ ባለ 5 ማርሽ ማንዋል። ከአጎቴ ነው የተረከብኳት። መጀመሪያ አካባቢ በሊትር 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ነበር ምትሄደው፣ ናፍጣ ተሰልፈን በምንቀዳበት ጊዜ ይሄ ያማል። አንድ ጋራዥ ሳሳያት ናፍጣውን ለሞተሩ ሚረጨው ፖምፓ ወርዶ መታደስ አለበት አሉኝ፣ የጠሩትን ብር ስላልያዝኩ መለስኳት፣ እንኳንም አልያዝኩ።

እኔ ያኔ እንደ ብዙ ሰው ማርሽ ከፍ ባለ ቁጥር አርፒኤም (ሞተሩ በደቂቃ ሚዞረው ዙር) ይወርዳል፣ አርፒኤም ከወረደ ናፍጣ ይቀንሳል ብዬ ነበር ማምነው፣ ስለዚ አዲሱን የአባይ ድልድይ እንደተሻገርኩ አምስተኛ ውስጥ እከታትና በቃ እዛው ትቆያለች፣ ሐሙሲት ከተማ ውስጥ ባጃጅና ከብት አዘግይቶኝ 45 ብወርድም አልቀንስም፣ ዳገትም ቢሆን ሞተሩ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ እታገላለሁ።

አንድ ቀን ድሮ ኤንትሬ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ጋሼ አብረውኝ ወደ ደብረ ታቦር ሄዱ። ዓለም በርን አልፈን ዳገቱ ሲጠነክር እኔ አምስተኛ ላይ ነኝ፣ ፍጥነቱ ከ65 ወደ 60፣ ከ60 ወደ 50 ይወርዳል፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጬዋለሁ። እሳቸው ዝም ብለው ቆዩና "ልጄ፣ እስቲ መስታወትህን እያት" አሉኝ። አየሁ፣ ጥቁር ጭስ ከኋላችን አስፋልቱ ላይ ተኝቷል፣ ዳር ላይ ምትሄድ ሴትዮ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛለች። "እግርህ ወለል ነክቷል፣ መኪናዋ ግን አልሰማችህም፣ ቀንስላት" አሉኝ። አራተኛ አስገባሁ። ሞተሩ ድምፁ ከፍ አለ፣ እኔ ደሞ በላች ብዬ ፈራሁ፣ ግን ጭሱ ሳሳ፣ እግሬን ግማሽ ድረስ መለስኩት፣ እሷ ግን ፍጥነቷን ይዛ መውጣት ጀመረች። ዳገቱን እስክንጨርስ እግሬ ተመልሶ ወለል አልነካም።

ከዛ በኋላ ነገሩን ሳጠናው ገባኝ። ናፍጣ ሞተር ላይ ፖምፓው ሚሰጠውን መጠን እግራችን ነው ሚወስነው፣ አየሩ ግን ሞተሩ በራሱ መሳብ የቻለው ብቻ ነው፣ ቱርቦ የለማ። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ እዚህ አየሩ ከባህር ጠለል ጋር ሲወዳደር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፣ ደብረ ታቦር 2,700 አካባቢ ደሞ ይብሳል። ስለዚ በ1,300 አርፒኤም ሙሉ እግር ስትሰጣት ናፍጣው ይገባል፣ ሚያቃጥለው አየር ግን አይበቃም፣ የተረፈው በጭስ ማውጫ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። የዚህ ሞተር ትልቁ ቶርክ፣ የማዞር ጉልበቱ ማለት ነው፣ ሚገኘው 2,200 አርፒኤም አካባቢ ነው፣ አራተኛ ያቀረበኝ ወደዛ ነው።

ግን በአንድ ዳገት ብቻ ማመን አልፈለኩም፣ ለካሁት። ሁሌ አንድ ማደያ፣ አንድ መቅጃ፣ መኪናዋ ቆማ የነበረችበት ቦታ ላይ አቁሜ። ናፍጣ አረፋ ያወጣል፣ መቅጃው መጀመሪያ ቀጭ ሲል ሞላ ማለት አይደለም፣ አረፋው እስኪተኛ ጠብቄ አፉ ድረስ አስሞላለሁ፣ ኪሎ ሜትሩን ዜሮ አደርግና እስከ ወረታ ደርሼ ስመለስ እንደገና አፉ ድረስ። የፎገራ ሜዳ ለዚህ ተመቸኝ፣ ጉማራን አልፈህ በሩዝ ማሳው መሃል መንገዱ ዝርግ ነው። በ80 አምስተኛ ላይ አርፒኤሙ 2,000 አካባቢ ነው፣ በሊትር 9 ሰጠችኝ። በዛው በ80 አራተኛ ላይ 8.3። በ100 አምስተኛ ላይ 7 ብቻ! እዚህ ላይ ነው የደነገጥኩት፣ ሜዳ ላይ ከማርሹ በላይ ፍጥነቱ ነው የበላኝ። ከ80 ወደ 100 ስትጨምር የንፋሱ ግፊት ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይሆናል፣ ሃርድቶፕ ደሞ ቅርጿ ሳጥን ነው፣ በዛ ላይ እኔ ባዶ ፖርቶመጋላ (የዕቃ መጫኛ ብረት) ጣራዋ ላይ ተሸክሜ ነበር ምዞረው። አወረድኩት።

አሁን አነዳዴ እንዲህ ነው፣ ሜዳ ላይ 70 ካለፍኩና እግሬ ከግማሽ በታች ከሆነ አምስተኛ፣ ከ60 በታች አራተኛ፣ ከተማ ውስጥ ሶስተኛ። ቁጥሩን ግን ብዙም አላይም፣ እግሬን ትንሽ ስጨምር ወዲያው ከመለሰችልኝ ማርሹ ልክ ነው፣ ጨምሬ ዝም ካለችኝ ሳትንቀጠቀጥ በፊት እቀንሳለሁ። ዳገት ሲመጣም ፍጥነቱ እስኪሞት አልጠብቅም።

ቁልቁለት ላይ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መልቀቅ ይቆጥባል ሚሉ አሉ፣ እባካችሁ ተዉት፣ እኔም ደብረ ታቦርን ስወርድ አደርገው ነበር። ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከነዳጁ ስታነሳ ፖምፓው ናፍጣ ያቆማል፣ ሞተሩን ጎማው ነው ሚያዞረው፣ ዜሮ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ሲል እየጠጣ ይወርዳል። ፍሬኑ ደሞ ብቻውን ይቀርና ይግላል፣ ሰው ሚያልቀው እዛ ላይ ነው።

ሌላም ነበር፣ ሐሙሲት ሻይ ልጠጣ ቆሜ ጎንበስ ብዬ የፊት ጎማዎቹን ሳይ መሃላቸው ላይ ያለችው፣ የፊት ጎማውን ከፊት ዲፈረንሺያሉ ጋር ምታያይዘው (ሎክ) ወይም ምትለየው (ፍሪ) ምትዞር ክብ ሁለቱም ጋ ሎክ ላይ ናት፣ ከክረምቱ ጭቃ ጀምሮ ማለት ነው! ለወራት አስፋልት ላይ የፊት ዲፈረንሺያሉን በከንቱ ሳዞረው ከርሜአለሁ። ፍሪ ላይ መለስኳቸው፣ ልዩነቱ ትልቅ አይደለም ግን መሪው ራሱ ቀለለኝ። የአየር ፊልትሮውንም ከገጠር ኮረኮንች በመጣሁ ቁጥር አስነፋዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከደብረ ታቦር አራት ኩንታል ድንች ጭኜ ተመለስኩ፣ ደርሶ መልስ በሊትር 8.1 ወጣልኝ። ፖምፓው እስካሁን አልወረደም።