ከ«ሀ99» ቀጥሎ የሚመጣው መለያ

በአዋጆቻችን ንዑስ አንቀጾች ሥር ባሉ ዝርዝሮችም ሆነ በፈተና ወረቀት ላይ ተራ የሚሰጠው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እየተባለ ነው። ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት ለፋይሎቹ ከ«ሀ00» ጀምሮ እስከ «ሀ99» መለያ ሰጥቶ ከጨረሰ፣ ቀጣዩ «ለ00» እንደሚሆን ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ይኸው ሥራ ለፕሮግራም ሲሰጥ ግን መልሱ እንደየፕሮግራሚንግ ቋንቋው ይለያያል፤ ከመልሶቹም አንዳንዱ ስሕተት መሆኑ ሳይታወቅ ብዙ ፋይል ሊያበላሽ ይችላል።

ፒኤችፒ የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ፊደልና አኃዝ የተቀላቀለበትን ስትሪንግ (ተከታታይ የጽሑፍ ምልክቶችን) በሁለት የመደመር ምልክት ወደ ቀጣዩ ያሳልፋል፤ ልማዱን የወሰደው ከሌላው ቋንቋ ከፐርል ነው። በላቲን ፊደል ከሆነ «ኤ9» ወደ «ቢ0»፣ «ዜድ» ደግሞ ወደ «ኤኤ» ይሄዳል። እዚህም ቢሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከኤ ጀምሮ ፊደሉ ከዜድ እስካልበለጠ ድረስ እንዲዞር የተጻፈ ሉፕ (ተደጋጋሚ ትእዛዝ) 26 ፊደላትን ብቻ ሳይሆን 676 ስትሪንጎችን ያወጣል፤ ምክንያቱም «ኤኤ» እንደ መዝገበ ቃላት ከመጀመሪያው ፊደል በሚነሣው የስትሪንግ ንጽጽር ከ«ዜድ» ያነሰ ስለሆነ ሉፑ የሚቆመው «ዜድኤ» ላይ ሲደርስ ነው።

በእኛ ፊደል ሲሆን ችግሩ ይብሳል። ፒኤችፒ «ሀ99»ን ሲጨምር የሚያወጣው «ለ00» ሳይሆን «ሀ00» ነው። ከቀኝ ተነሥቶ የመጨረሻውን 9 ወደ 0 ይቀይርና አንድ በእጅ ይይዛል፤ ሁለተኛውንም 9 እንዲሁ ያደርጋል። ከዚያ የሚያገኘው ኮምፒውተር ጽሑፍን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ የሦስት ባይት (የመረጃ መለኪያ) ርዝመት ካለው ከ«ሀ» የመጨረሻውን ባይት ነው፤ ባይቱ የላቲን ፊደልም አኃዝም ስላልሆነ እዚያው ይቆማል፣ በእጅ የያዘውም አንድ ይጠፋል። በውጤቱ መቶ አንደኛው ፋይል የመጀመሪያውን ፋይል መለያ ይወስዳል። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ፒኤችፒ 8.3 እንዲህ ያለውን አጨማመር ሲያገኝ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ አብሮት የመጣው አዲሱ የመጨመሪያ ፈንክሽን ደግሞ ከላቲን ፊደልና ከአኃዝ ውጪ ያለውን ስትሪንግ ጭራሽ አይቀበልም። ጸጥ ብሎ ከመሳሳት ይህ እጅግ ይሻላል።

በሌላው ቋንቋ በፓይተን የፊደሉን የዩኒኮድ ቁጥር (በዓለም አቀፉ የፊደላት ሰንጠረዥ የተሰጠውን ቁጥር) አውጥቶ አንድ መጨመር ይቻላል፤ ነገር ግን ከሀ (4608) ቀጥሎ የሚገኘው ካዕቡ ሁ ነው። እያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ቦታ ስለተሰጠው ስምንት መጨመር መፍትሔ ይመስላል፤ በእርግጥም ከሀ ወደ ለ፣ ከለ ወደ ሐ፣ እንዲሁም እስከ ቀ ድረስ በትክክል ያደርሳል። ከቀ በኋላ ግን በን ሳይሆን ቈን ይሰጣል፤ ቀጥሎም ትግርኛ የሚጠቀምበት ቐ ይመጣል። ከቈ አጠገብ ያለው 4681ኛው ቦታ ደግሞ ፊደል ያልተመደበበት ባዶ ነው። በገበታችን መጨረሻ ላይ የምናገኘው ቨም በዩኒኮድ የተቀመጠው ከበ ቀጥሎ ነው። ዩኒኮድ የብዙ ቋንቋዎችን ፊደል በአንድ ሰንጠረዥ ማኖር ስለነበረበት ይህ ጉድለቱ አይደለም፤ የእኛ ተራ ግን ከቁጥሮቹ በስሌት አይወጣም።

ስለዚህ የፊደላቱን ተራ በፕሮግራሙ ውስጥ በዝርዝር መጻፍ እንጂ ቋንቋው ያውቀዋል ብሎ መተው አይገባም ብዬ አምናለሁ። ዝርዝሩን ስንጽፍ ድምፃቸው የሚመሳሰለውን መቀነስ ይጠቅማል። በስልክ «ሐ47» ብሎ የሚነግረንን ባለጉዳይ «ሀ47» ከሚለው መለየት አይቻልምና። ከ34ቱ የግዕዝ ረድፍ ፊደላት ሐን፣ ኀን፣ ኸን፣ ሠን፣ ዐንና ፀን ብናስቀር 28 ይቀራሉ፤ ከአራት አኃዝ ጋር 280,000 መለያ ይበቃሉ፣ ይህም ለአብዛኛው መሥሪያ ቤት ከበቂ በላይ ነው።

ዳታቤዙ ውስጥ መቀመጥ ያለበትም መለያው ሳይሆን ተራ ቁጥሩ ነው። በሁለት አኃዝ መለያ ቁጥር 257 ለ100 ሲካፈል 2 ደርሶ 57 ይቀራል፤ ከዜሮ ስንቆጥር በዝርዝሩ ሁለተኛ ቦታ ላይ መ ስላለ መለያው «መ57» ይሆናል። ስትሪንጉን አስቀምጦ ትልቁን መፈለግ ግን በዩኒኮድ ተራ ሲደረደር ፐ ከቨ ስለሚበልጥ፣ «ቨ00» ከተሰጠ በኋላም «ፐ99»ን የመጨረሻ አድርጎ ይመልሳል፤ ፕሮግራሙም «ቨ00»ን ደግሞ ይሰጣል። ቁጥሩን የሚያሳድገው ራሱ ዳታቤዙ ከሆነ ሁለት ሠራተኞች በአንድ ቅጽበት ቢመዘግቡም አንድ ዓይነት መለያ አይደርሳቸውም። ከ«ቨ99» በኋላ ደግሞ ፕሮግራሙ ወደ «ሀ00» ከመመለስ ይልቅ ምዝገባውን አቁሞ መለያ ማለቁን በግልጽ እንዲናገር ማድረግ ያስፈልጋል።