በረኪናና አሲድ በአንድ መንገድ ላይ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ መስከረም ጠብቶም የጽድ ጥላ የሚያርፍበት አስፋልት ቶሎ አይደርቅም። የጥገና ክፍሉን በምመራበት ግቢ ከበሩ እስከ ዕቃ ግምጃ ቤቱ የሚወስደው መንገድም እርጥብ ቦታ ላይ የሚበቅል ሞስ የሚባል አረንጓዴ ሽፋን ለብሶ እግረኛውን ያንሸራትት ጀመር። ሽፋኑ እውነተኛ ሥር የለውም፤ ጉዳቱ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይዞ መቆየቱ ነው፤ ያ እርጥበት ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲመታ አስፋልቱን ይበልጥ ይከፍተዋል።

ሠራተኞቹ መጀመሪያ የመኪና ማጠቢያ ማሽን አመጡ። ግፊቱ በሬንጅ የተያያዘውን ደቃቅ ጠጠር አብሮ መፈልቀቅ ሲጀምር አስቆምኳቸው። ናፍጣ የሚል ሐሳብም ቀረበ፤ ናፍጣ ግን ሬንጁን ራሱን ስለሚያሟሟ አልተቀበልኩትም። በውሃ የቀጠነ በረኪና እንዲረጭ ተስማማን።

ወጣቱ ሠራተኛ በረኪናው የዘገየ መስሎት፣ ለመጸዳጃ ቤት የተቀመጠውን አሲድ ገና ባልደረቀው አስፋልት ላይ ጨመረበት። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ልጁ ዓይኑን ይዞ እየሳለ «ጋሼ፣ ትንፋሼ አጠረኝ» ሲል፣ የጥበቃው ሽማግሌ ነፋሱ ወደሚመጣበት ወገን ጎትተው አወጡት። ቦታው ገላጣ መሆኑ በጀው እንጂ በተዘጋ ክፍል ቢሆን ነገሩ ሌላ ነበር፤ ጤና ጣቢያ ታይቶ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ተመለሰ። አሲዱ ስም ባልተጻፈበት ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ነበር፤ በየመሥሪያ ቤቱ የማየውና እጅግ የሚያስቆጣኝ ልማድ ይህ ነው። አሁን በረኪናውና አሲዱ በተለያየ መደርደሪያ፣ በየስማቸው ተቀምጠዋል።

ሥራው የቀጠለው መንገዱ በብዙ ውሃ ታጥቦ፣ ዝናብ የሌለበት ቀን ከተገኘ በኋላ ነው። ሽፋኑ በጠንካራ የፕላስቲክ ብሩሽ ተፍቆ ተጠረገ፤ የሽቦ ብሩሽ አስፋልቱን ስለሚቧጭር አልተፈቀደም። ከዚያ በዳር ያለው ሣር እንዳይቃጠል አስቀድሞ በውሃ ርሶ፣ አንድ እጅ በረኪና በዐሥር እጅ ውሃ ተበርዞ፣ ጓንትና መነጽር ያደረገ ሰው በዝቅተኛ ግፊት ረጨው። ጥቂት ቆይቶ ሲታጠብ፣ ውሃው ወደ በሬሳ ወንዝ በሚወርደው ቦይ እንዳይገባ መውጫውን በአፈር ገደብን።

የጽዶቹ ዝቅተኛ ቅርንጫፎች ተቆርጠው በደለል የተደፈነው የውሃ መውረጃ ከተከፈተ ወዲህ መንገዱ ከረፋድ ጀምሮ ፀሐይ ያገኛል። ማሽኑ የፈለቀቀው ክፍል ግን በበጋ በሬንጅ እንዲጠገን በጀት ተጠይቆለታል።