ሻዩ ከሙን ከሙን ሲሸት

በክረምቱ አጋማሽ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ካፌ፣ ደንበኞች ሻይ እየቀመሱ መመለስ ጀመሩ። ቅሬታው አንድ ነው፤ «ከሙን ከሙን ይላል።» ባለቤቱ ጥፋቱን በሻይ ቅጠሉ ላይ ጥሎ ሌላ ዓይነት ገዛ። አዲሱም ለጥቂት ቀን ደህና ሆኖ ሰነበተና ያው ሽታ መጣበት።

የኩሽናው ኃላፊ ሌላ ግዢ ሳይታሰብ ሁለት ብርጭቆ አስቀረቡ። በአንዱ ከስቶር ካልተከፈተ ፓኬት፣ በሌላው የቡና ማሽኑ ላይ ከሚቀመጠው ዕቃ፣ እኩል 2 ግራም ቅጠል ተደረገ። እኩል የፈላ ውሃ ተጨምሮበት፣ ተከድኖ 5 ደቂቃ ቆየ። ስኳርና ቅመም አልገባም፤ ቅመም ከገባ ጥፋቱ ይሸፈናል። ከፓኬቱ የወጣው ንጹሕ ሻይ ነበር፤ ከዕቃው የወጣው ግን ከሙን ከሙን አለ። ቅጠሉን የሚያበላሸው እንግዲህ እዚያው ካፌ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

ዕቃው ቀድሞ የተፈጨ ከሙን ይቀመጥበት የነበረ ፕላስቲክ ሆኖ ተገኘ።

«እትዬ፣ በፈላ ውሃና በሳሙና እኮ ነው ያጠብኩት» አለ የማሽን ሠራተኛው።

«አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ። ፕላስቲኩ ግን የቅመሙን ዘይት ጠጥቶታል። ባዶውን ከድነህ አሳድረውና ጠዋት ስትከፍተው አሽትተው።»

ጠዋት ሲከፈት ከሙኑ አፍንጫ ላይ መጣ።

ሻይ ቅጠል ከፋብሪካው ማድረቂያ ሲወጣ የሚቀረው እርጥበት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ የደረቀ ነገር ከጎኑ ያለውን እርጥበትና ጠረን ሁሉ ይስባል፤ ከውሽውሽ የሻይ እርሻ መጣ ከጉመሮ ልዩነት የለውም። ደቃቁ ቅጠል ደግሞ አየር የሚነካው ገጽ ስለሚበዛ ከረጅሙ ቀድሞ ይለወጣል።

ፕላስቲኩ ብቻ አልነበረም ጥፋተኛው። የማሽኑ አናት ቀን ይሞቃል፤ ሙቀቱ የቅጠሉን መዓዛ ያባርራል፣ የዕቃውን ሽታ ያወጣል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ በላላው ክዳን የክረምት አየር ይገባል። ማንኪያው ብዙ ጊዜ እርጥብ ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን አዲሱን ቅጠል ባላለቀው ላይ መገልበጥ ነው፤ ቅጠል ቢቀየርም ሽታው እየተመለሰ የመጣው በዚህም ጭምር ነው፤ አሮጌው አዲሱን ይዞት ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ ቅጠሉ ክዳኑ ጠበቅ ባለ ቆርቆሮ ገባ፤ ቆርቆሮው ከማሽኑና ከቅመም መደርደሪያው ራቀ። የሁለት ሦስት ቀን ብቻ ይወጣል፣ ቀሪው እንደታሸገ ስቶር ይቆያል። በየፓኬቱ ላይ የተከፈተበት ቀን ይጻፋል፤ ቆርቆሮው ባዶ ሳይሆን፣ በደረቅ ጨርቅ ሳይወለወል አይሞላም።

ለቤትም የሚሠራው ይኸው ነው። ቅጠሉን ከራሱ ፓኬት አለማውጣት ይሻላል፤ አየሩን ተጫኖ አስወጥቶ፣ አፉን ሁለት ጊዜ አጥፎ በልብስ መቆንጠጫ መያዝ፣ ከነፓኬቱ ቆርቆሮ ውስጥ መክተት። የመስታወት ዕቃ ሽታ አይጠጣም፣ ብርሃን ግን ያሳልፋል፤ ስለዚህ በር ባለው ቁምሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። ቅርንፉድና ቀረፋን ከቅጠሉ ጋር ቀላቅሎ ማስቀመጥ የለመደ ቤት ብዙ ነው፤ ለየብቻ አስቀምጦ ሲፈላ መጨመር ሁለቱንም ያቆያል። ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት አይመከርም፤ ቀዝቃዛው ፓኬት ውጭ ሲከፈት የአየሩ እርጥበት ቅጠሉ ላይ ጤዛ ይሆናል፣ የወጥና የሽንኩርት ጠረኑም አለ።

እርጥበት ነክቶት የተጓጎለ ቅጠል ሻጋታ ካልያዘው ይተርፋል። በደረቅ ብረት ድስት ስስ አድርጎ ዘርግቶ፣ እጅ በሚችለው ለስላሳ እሳት ላይ ጥቂት ደቂቃ ማማሰል ነው። ፍጹም ሳይቀዘቅዝ ከታሸገ የራሱ እንፋሎት መልሶ ያረጥበዋል። የሄደው መዓዛ አይመለስም፣ ለቅመም ሻይ ግን ይሆናል። ሻጋታ የሸተተው ለምንም አይሆንም፤ ይደፋል።