ከእኛ በፊት ማን ይጫወት?

የሙዚቃ ባንዳችን የተመሠረተው ደብረ ብርሃን ነው፤ የሚሠራው ግን አዲስ አበባ፣ ምሽት ቤቶች ውስጥ ነው። አሳታሚ የለንም፣ ማናጀር የለንም። ድምፅ ማጉያውን የሚሸከመው ዘፋኙ ራሱ ነው። 130 ኪሎ ሜትር ተመልሰን አገራችን ላይ ኮንሰርት እናድርግ ስንል መጀመሪያ የተጨቃጨቅነው በቀኑ ነው።

ከጥምቀት በኋላ ያለው ጊዜ ያጓጓል። ግን የሰርግ ወቅት ነው፤ ሳውንድ የሚያከራየውም ማሲንቆ የሚመታውም ተይዟል። ዐቢይ ጾም ከገባ ደግሞ እርሱት። ክረምቱን የደብረ ብርሃንን ጭጋግ የሚያውቅ ሰው አያስበውም። የቀረን በዓለ ሃምሳ ነው። ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፣ ሰውም ፈታ ብሏል። እሁድ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ አደረግነው። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ፀሐይ ከዘቀዘቀች በኋላ ብርዱ አይጣል ነው።

ስለ ፈቃዱ ብዙ አልልም። ደብዳቤ ይዞ ከቢሮ ቢሮ መዞር ነው። ፈቃዱ እጃችን ሳይገባ ለአዳራሹ ቀብድ አለመክፈላችን ጠቅሞናል።

ዋናው ጉዳይ ከእኛ በፊት የሚጫወቱት ናቸው። ብዙ አዘጋጅ የአገሬውን ልጆች ሰው እስኪገባ ድረስ ሰዓት መሙያ ያደርጋቸዋል። ይሄ ለእኔ አይዋጥልኝም። አዳራሹን የሚሞሉት እነሱ ናቸው እኮ! ሁለት ራፕ የሚሠሩ የሰፈር ልጆችና ከመንዝ የመጡ አንድ ማሲንቆ መቺ ያዝን። ትኬት ሰጠናቸው፤ ከሸጡት ላይ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ክፍያቸውን ደግሞ መድረክ ሳይወጡ ጨረስን። «ከኮንሰርቱ በኋላ እንተያያለን» የሚባለውን ነገር እኛም ስለምናውቀው ነው።

ሳውንድ ቼክ፣ ማለትም ከኮንሰርቱ በፊት ያለው የድምፅ ሙከራ፣ ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚሠራው። መጨረሻ የምንጫወተው እኛ ቀድመን ሞከርን፤ መጀመሪያ የሚወጡት ልጆች መጨረሻ ላይ ሞከሩ። እንዲህ ሲሆን በሩ ሲከፈት መድረኩ ለእነሱ እንደተዘጋጀ ይቆያል። ድራሙም ከቦታው አይነቃነቅም።

ከማሲንቆ መቺው ከጋሼ ጋር አንድ ዘፈን አብረን ልንጫወት ነበርና ኪቦርዳችን ላይ ያለችው ልጅ ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ በምን ላይ ነው የሚቃኙት?»

«በጉሮሮዬ ነዋ! ጉሮሮዬ እንዴት እንዳደረ ሳላይ ምን ብዬ ልንገርሽ ልጄ?»

ኪቦርዱ በተለመደው ቅኝት፣ 440 ኸርዝ ላይ ተቀምጧል፤ የእሳቸው ድምፅ ደግሞ በሁለት ቁልፎች መካከል ነው የወደቀው። የኪቦርዱን ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ትራንስፖዝ አይረዳም፣ እሱ ከቁልፍ ወደ ቁልፍ፣ በግማሽ ድምፅ ነው የሚዘለው። ስለዚህ ከዚያ ባነሰ መጠን በሚያስተካክለው በፋይን ቱን ትንሽ ትንሽ እያወረደች አገኘቻቸው። ጊታሮቹም ተከተሉ። ሳክስ አስቸገረ። ብርድ የጊታርን ክር ያከርራል፣ የሳክስን ድምፅ ግን ያወርዳል። ሳክስ የሚነፋው ልጅ እንዳይቀዘቅዝበት ተራው እስኪደርስ ከመድረክ ጀርባ ሲነፋ ነው የዋለው። ጋሼ ዳር ቁጭ ብለው የደጋናቸውን ጭራ ዕጣን እየቀቡ ይስቁበታል።

ማሲንቆ ላይ ማይክ ማድረግም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ፊቱ ቆዳ ስለሆነ የሞኒተሩን፣ ማለትም ለተጫዋቹ የራሱን ድምፅ የሚያሰማውን ስፒከር፣ ድምፅ መልሶ ይቀበልና ይጮኻል። ማይኩን አስጠግተን የእሳቸውን ሞኒተር ወደ ዜሮ አወረድነው። ደስ አላቸው፤ ድሮም ያ ሳጥን አልጣማቸውም።

ሽለላው ጋ ሲደርሱ ከኋላ ወንበር አንድ አባት ዱላቸውን ይዘው እየፎከሩ እስከ መድረኩ መጡ። አስተናጋጆቹ ሊያስቆሟቸው ነበር፣ ደግነቱ ተዉአቸው። ከዚያ በኋላ መውጣት ከባድ ነው! እኛ ስንጀምር ጋሼን ብለው የመጡት ትልልቅ ሰዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ሄዱ። ወጣቱ ግን ቀረ፣ እስከ መጨረሻውም አብሮን ዘለለ።

ለሚቀጥለው ጋሼ በእኛ ፕሮግራም መሃል እንዲገቡ ጠይቀናቸዋል። እሺ ብለዋል፤ ዋጋ ግን ጨምረዋል።