ከአምስት ዓመት በኋላም 36

መሥሪያ ቤታችን በየአምስት ዓመቱ የሠራተኞቹን ዕድሜ በየሥራ ክፍሉ የሚያሳይ ሪፖርት ያዘጋጃል። ያለፈውን ሪፖርት ያዘጋጀችው በዕድሜ ከሁላችንም የምታንሰው ባልደረባችን ስትሆን፣ የእኔ ድርሻ ከስብሰባው በፊት አኃዞቹን መመርመር ነበር። ኃላፊያችን ሪፖርቱን እየገለጡ ሲያነቡ አንድ ገጽ ላይ ቆሙ። በዚያ ገጽ ላይ የሰፈረው የሥራ ክፍል ከአምስት ዓመት በፊት 24 ሠራተኞች ነበሩት፤ አማካይ ዕድሜያቸውም 36 ነበር። አሁን ሠራተኞቹ 26 ሲሆኑ አማካይ ዕድሜያቸው ያው 36 ነው።

«አምስት ዓመት አልፎ ሰው እንዴት አንድ ዓመት እንኳ አይጨምርም? ይህን ቁጥር ከድሮው ሪፖርት ገልብጠሽው እንዳይሆን» አሏት።

«አልገለበጥኩትም፤ ቢፈቅዱልኝ ስሌቱን ሰሌዳው ላይ ላሳይዎት» አለች።

የኃላፊው ጥርጣሬ መሠረት የለውም ሊባል አይችልም። ማንም ሳይወጣና ማንም ሳይገባ 24ቱ ሰዎች እንዳሉ ቢቆዩ ኖሮ፣ እያንዳንዳቸው አምስት ዓመት ስለሚጨምሩ አማካዩም በትክክል አምስት ጨምሮ 41 ይሆን ነበር፤ በዚህ ጊዜ የሰዎቹ ብዛት በውጤቱ ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም። በዚህ ክፍል ግን ሦስት ሰዎች ጡረታ ወጥተዋል፣ አምስት አዳዲስ ሠራተኞችም ተቀጥረዋል።

ገና እርሷ ጠመኔውን ሳታነሣ አንድ ባልደረባችን ነገሩን በአጭሩ ሊፈታ ሞከረ። የነባሮቹ አማካይ 41፣ የአዲሶቹ አማካይ 28 ስለሆነ ሁለቱ ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 34 ተኩል ይመጣል፣ ስለዚህ ሪፖርቱ ተሳስቷል አለ። እንዲህ ያለው መንገድ ቀላል ስለሚመስል ብዙ ሰው ይከተለዋል። ይሁን እንጂ 41 የሚለው ቁጥር ጡረታ የወጡትንም ይጨምራል፤ ከዚያም በላይ ሁለት አማካዮችን ደምሮ ለሁለት ማካፈል የሚቻለው የሁለቱ ቡድኖች ብዛት እኩል ሲሆን ብቻ ነው። እዚህ ግን በአንድ ወገን 21፣ በሌላው ወገን 5 ሰዎች አሉ።

ወጣቷ ባልደረባችን አማካዩን ትታ ከድምሩ ጀመረች። 24 በ36 ሲባዛ 864 ዓመት ይሆናል፤ ይህ የሁሉም ዕድሜ ድምር ነው። ለ24 ሰዎች አምስት አምስት ዓመት ሲጨመር 120 ይሆናል፣ ድምሩም ወደ 984 ያድጋል። ጡረታ የወጡት ሦስቱ ሰዎች ያኔ 57፣ 58 እና 58 ዓመታቸው ስለነበር ዛሬ 62፣ 63 እና 63 ናቸው፤ ድምራቸው 188 ነው። ይህ ከ984 ሲቀነስ የቀሩት 21 ሰዎች ድምር 796 ይሆናል። የአምስቱ አዲሶች ዕድሜ 140 ሲጨመርበት 936 ይመጣል፣ ለ26 ሲካፈልም 36።

ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን የሒሳብ ክፍሉ ተወካይ በእውነት ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ አነሡ። በግል ማኅደራቸው እንደሰፈረው ሦስቱም ሰዎች ጡረታ የወጡት በ60 ዓመታቸው ነው፤ ታዲያ መቀነስ ያለበት 180 ሆኖ ሳለ 188 ለምን ይቀነሳል? በእርሳቸው መንገድ ከተሄደ አማካዩ 36 ነጥብ 3 ገደማ ይሆናል።

ልዩነቱ ስምንት ዓመት ነው፤ ከየት እንደመጣም መከታተል ይቻላል። አንደኛው ሰው ከሥራ ከተሰናበቱ ሁለት ዓመት፣ ሌሎቹ ሁለቱ ሦስት ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። 984 የሚለው ድምር ግን ሦስቱ ሰዎች እስከ ዛሬ በክፍሉ እንደቆዩ ቆጥሮ ለእያንዳንዳቸው ሙሉ አምስት ዓመት ጨምሯል። በዛሬ ዕድሜ ከተሠራ ድምር ላይ የሚቀነሰውም የዛሬ ዕድሜ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ በክፍሉ ውስጥ ያልኖሩባቸው ስምንት ዓመታት ድምሩ ውስጥ ይቀራሉ። በ60 መቀነስ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚጨምረውን ማስተካከል ይኖርበታል፤ ይህንንም እኔ ከሰሌዳው ግርጌ ጻፍኩት። ለቀሩት 21 ሰዎች 105 ዓመት፣ ለሦስቱ በክፍሉ ለቆዩበት ጊዜ ብቻ 3፣ 2 እና 2፣ በጠቅላላው 112 ይጨመራል። 864 እና 112 ሲደመሩ 976 ይሆናሉ፤ ከዚያ 180 ሲቀነስ ያው 796 ይመጣል። ለአዲሶቹ የተወሰደው ዕድሜም የዛሬው እንጂ በተቀጠሩበት ቀን የነበራቸው አልነበረም።

በትምህርት ቤት ደጋግመን የሠራነው ጥያቄ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ከአራት ዓመት በፊት የስድስት የቤተሰብ አባላት አማካይ ዕድሜ 25 ነበር፤ ዛሬ አንድ ሕፃን ተጨምሮ አማካዩ ያው 25 ከሆነ ሕፃኑ ስንት ዓመቱ ነው? ያኔ 150 የነበረው ድምር ዛሬ 174 ሆኗል፣ ለሰባት ሰዎች የሚያስፈልገው ደግሞ 175 ነው፤ ስለዚህ ሕፃኑ አንድ ዓመቱ ነው። በመሥሪያ ቤት የሚያስቸግረው ጥያቄው እንዲህ ተስተካክሎ አለመቅረቡ ነው። ማን መቼ ገባ፣ ማን መቼ ወጣ የሚለውን ከማኅደር ለቅሞ ማውጣት ከስሌቱ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ የሪፖርቱን አንባቢ ያሳሳተውም ከአማካዩ አጠገብ የሰዎቹ ዝውውር አለመጻፉ ነበር። ኃላፊው ይህን ዝውውር የሚያሳይ ሠንጠረዥ በየገጹ እንዲጨመር በቃለ ጉባኤ አስያዙ፤ ባልደረባችንንም በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቋት።

ከዚያም ሌላ ጥያቄ አመጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ማንም ባይወጣ አማካዩን 36 ላይ ለማቆየት ስንት ሰው መቅጠር ያስፈልጋል አሉ። እርሷም 26ቱ ሰዎች በዓመት 26 ዓመት ስለሚጨምሩ ይህን ትርፍ የሚያካክሰው አዲሶቹ ከ36 የሚያንሱበት ዓመት ድምር ነው ስትል መለሰች። ያን ጊዜ 23 ዓመት የሚሆናቸው ሰዎች ከ36 በ13 ስለሚያንሱ ሁለት ይበቃሉ፤ 34 ዓመት የሚሆናቸው ከሆኑ ግን በሁለት ብቻ ስለሚያንሱ 13 ያስፈልጋሉ። ኃላፊው ለ13 ሰው የተያዘ በጀት እንደሌለ ተናግረው ወደሚቀጥለው ገጽ አለፉ።